የአንድ ቤት ጓዝ በስምንት ሻንጣ፦ ከሰሚት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የመሸጋገሪያ ማስታወሻ

ጥር አጋማሽ 2016 ዓ.ም.፦ ልኬት

ቪዛው በእጃችን ገብቷል። የምንሄደው በዲቪ ሲሆን ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ነን፤ መድረሻችን ደግሞ እህቴ የምትኖርበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ከሕክምና ምርመራው ቀን ጋር የተያያዘና ከስድስት ወር የማይበልጥ በመሆኑ፣ ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር ውለን በግንቦት መጀመሪያ ለመብረር ወስነናል። እስከዚያ ድረስ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ቤታችንን ባዶ ማድረግ ይኖርብናል።

መነሻችን የአየር መንገዱ ልክ ነው። ትኬታችን ለእያንዳንዱ ተጓዥ፣ ለልጆቹም ጭምር፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ይፈቅዳል፤ የአንዱ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 8 ሻንጣ፣ በድምሩ 184 ኪሎ አለን። ይሁን እንጂ ሻንጣው ራሱ ይመዝናል። ቤት ውስጥ የነበረው ጠንካራ ፕላስቲክ ሻንጣ ባዶውን ወደ 5 ኪሎ ሲጠጋ፣ የጨርቁ ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፍም። በአማካይ 4 ኪሎ ብንይዝ 32 ኪሎው ለሻንጣ ይሄድና ለዕቃ የሚተርፈው 152 ኪሎ ነው። በእጅ የሚያዘው ለአንድ ሰው 7 ኪሎ ሲሆን፣ እርሱን ለሰነድ፣ ለመድኃኒትና ለኤሌክትሮኒክስ ብቻ መድበነዋል።

በጅቡቲ በኩል በመርከብ መላክንም አጣርተናል። የአሜሪካ ጉምሩክ ቢያንስ አንድ ዓመት የተገለገሉበትን የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥ ስለሚያስገባ በዚያ በኩል እንቅፋት የለም። ነገር ግን የእንጨት ሣጥን ማሠሪያው፣ የየብስ ማጓጓዣው፣ የወደብ ወጪውና እዚያ ከወደብ ማውጫው ሲደመር፣ እኛ ካሉን ሶፋና ቁም ሣጥን ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ጭነት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ከስምንቱ ሻንጣ ያለፈ ሁሉ አገር ቤት ይቀራል።

የመጀመሪያው መሣሪያችን ባለ መስመር ደብተር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከቦታው ከመነሣቱ በፊት መድረሻው ይጻፋል፦ ይሄዳል፣ እናቴ ቤት ይቀመጣል፣ ለእገሌ ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ይወገዳል። «ይሰጣል» ከተባለ የተቀባዩ ስም አብሮ መኖር አለበት። አገር ለቀው ሲሄዱ ያየኋቸው ብዙ ሰዎች ዕቃቸውን በመጨረሻው ሳምንት በጅምላ ስለሚበትኑት፣ የሚያስፈልገው ሰው ሳይደርሰው ቅርብ የተገኘው ይወስደዋል። እኔ አጥብቄ የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው፤ ዕቃ ከቤት መውጣት ያለበት ማን እንደሚገለገልበት ከታወቀ በኋላ ነው። ከሁሉም አስቀድማ የምትመርጠው ደግሞ በቤታችን ስትሠራ ልጆቼን አብራኝ ያሳደገችው ልጅ ናት። አልጋ ከነፍራሹ፣ ድስቶች፣ ብርድ ልብስና ትንሹን ቴሌቪዥን መርጣለች፤ ሁሉም ስሟ ተጽፎበታል።

የካቲት መጀመሪያ፦ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች

ይህ ክፍል ቶሎ ተጠናቅቋል፤ የእኛ አገር የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ባለቤቴ የእያንዳንዱን ዕቃ ጀርባ አገላብጦ ጽሑፉን አነበበ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚለው ሁሉ፣ ማለትም የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር፣ የካሜራ ባትሪ መሙያና የፀጉር መቁረጫው፣ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 220 ብቻ የሚለው ይቀራል።

እናቴ ምጣዱን ውሰጂ ብላ አጥብቃ ስለጠየቀችኝ ስሌቱን አብረን ሠራነው። የሚያሞቅ ሽቦ የሚሰጠው ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ለ220 የተሠራ ዕቃ በ120 ላይ ሲሰካ ከኃይሉ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ያወጣል። 3,000 ዋት የሆነ ምጣድ ወደ 900 ዋት ይወርዳል ማለት ነው፤ በዚህ ሙቀት እንጀራ ዓይን አያወጣም። እህቴ እንደነገረችኝ እዚያ ያለው ሐበሻ ብዙውን ጊዜ የሚጋግረው ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ሌፍሳ ለሚባለው ቂጣቸው በሚጠቀሙበት፣ 16 ኢንች ስፋት ባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ፣ ካውያው፣ የውኃ ማፍያውና ጁስ መፍጫው ስለዚህ እዚሁ ይቀራሉ። ምጣዱን የእናቴ ጎረቤት ወስደዋል።

የካቲት አጋማሽ፦ ሽያጭ

ለሽያጭ ያወጣነው ሶፋውን፣ ፍሪጁን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ የመመገቢያ ጠረጴዛውንና ትልቁን ቁም ሣጥን ነው። በቴሌግራም ቻናልና ጂጂ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ፎቶ፣ ልክና የተገዛበትን ዓመት አስገብተን ዋጋውን ቁርጥ አድርገን ጻፍን። ልኩን መጻፍ ብዙ ጥሪ አስቀርቶልናል፤ በኮንዶሚኒየም ደረጃ የማያልፍ ዕቃ ፈላጊ አይመጣበትም። ልብስ ማጠቢያው ደረሰኙና የአጠቃቀም መጽሐፉ ስለነበሩት ከሁሉ ቀድሞ በጥሩ ዋጋ ሄደ። ሶፋው ከገዛንበት ግማሹን እንኳ አላወጣም። ደላላ ይዞት የመጣ አንድ ገዢ ፍሪጁን ተስማምቶ ቀብድ ሳይከፍል ከሄደ በኋላ ስለቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ቀብድ ላልከፈለ ሰው ዕቃ አናቆይም።

የአወጣጡ ቅደም ተከተል ከዋጋው በላይ ጠቅሞናል። መጀመሪያ የሚሄደው ለኑሮ የማያስፈልገው ጌጥ፣ መጋረጃና መደርደሪያ ነው፤ ቁም ሣጥኑ ልብሱ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ይከተላል፤ ፍሪጁ፣ ምድጃውና አልጋዎቹ በመጨረሻው ሳምንት ይወጣሉ። ገዢዎቹ በተቆረጠላቸው ቀን እንደሚረከቡ ውል ላይ ፈርመዋል።

የተሰባበረ ፕላስቲክ፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ የሞተ ስቶቭና ጎማ የመሳሰለውን ለቆራሌው ሰጥተናል። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ መርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራ እንደሚደርስና እጀ ብልሆቹ ከጣሳው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ፣ ከብረቱም ምድጃ እንደሚያወጡበት ስለማውቅ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ከመጣል የተሻለ መንገድ ነው። ያረጁ ግን ያልተቀደዱ ልብሶችን ልዋጭ ለሚሉት ልጆች ከማውጣታችን በፊት፣ አጥበንና ተኩሰን ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የነዳያን ክፍል የሚሆነውን ለይተናል። የመማሪያ መጻሕፍቱን የልጆቹ ትምህርት ቤት ተቀብሎናል፤ ልብ ወለዶቹንና የታሪክ መጻሕፍቱን ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አበርክተናል። መጻሕፍት ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ አንድ መካከለኛ ካርቶን ሞልተን ስንመዝነው የአንድ ሻንጣ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ይዘን የምንሄደው የልጆቹን የአማርኛ ንባብ መጻሕፍት፣ አንድ መዝገበ ቃላትና የጸሎት መጻሕፍታችንን ነው። የልጆቹ ንባብ ከኔ ጫማዎች ይቀድማል ብዬ ጫማ ቀንሻለሁ።

የካቲት መጨረሻ፦ ሰነዶች

ክብደታቸው ከ3 ኪሎ ባይበልጥም ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰዱት ሰነዶች ናቸው። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የፕላስቲክ ፎልደር ከፍተናል፦ ፓስፖርት፣ የወሳኝ ኩነት የልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የመንጃ ፈቃድ። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ በኔ ፎልደር ውስጥ ነው። ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ የሰጠው ሰው ፖስታውን ሳይከፍት በእጁ ይዞ ለመግቢያው መኮንን ማስረከብ አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም።

የልጆቹ ክትባት ካርድ በእጅ ጽሑፍ የተሞላና ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነበር። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ልጅ ሲመዘገብ የክትባት ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደን ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ተገልብጠው፣ በእንግሊዝኛ ተጽፈውና ማኅተም አርፎባቸው እንዲሰጡን አድርገናል። ይህ እዚያ ከተደረሰ በኋላ በስልክ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ክትባት እንደገና ከማስወጋትም ያድናል። የባለቤቴን የዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት በተመለከተ፣ የትምህርት ማስረጃ የሚመዝኑ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ከሬጅስትራር በቀጥታ የተላከላቸውን ስለሆነ፣ ለተማሪ የሚሰጠውን ቅጂ በእጅ ይዘን ኦፊሴላዊው እንዲላክ ማመልከቻ አስገብተናል።

ውክልናውን ለታላቅ ወንድሜ ሰጥተናል። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የተዋዋልነው ውክልና ኪራይ የመቀበል፣ ግብር የመክፈል፣ ከመብራትና ከውኃ መሥሪያ ቤት ጋር የመጻጻፍና በባንክ ሒሳባችን የመገልገል ሥልጣኖችን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ነው። የመሸጥ ሥልጣን አላካተትንበትም፤ ለሽያጭ የሚሆን ውክልና በግልጽ መጻፍ ስለሚገባው፣ ጊዜው ሲደርስ በዋሽንግተን ኤምባሲያችን በኩል ሊሰጥ ይችላል።

የስደተኛ ቪዛ ያገኘ ሰው ግሪን ካርዱ በፖስታ እንዲላክለት የሚከፍለው ክፍያም አለ። ያን ጊዜ ለአንድ ሰው 220 ዶላር ሲሆን፣ ከመጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 235 ዶላር እንደሚሆን ታውጆ ነበር። እህቴ የአራታችንን 880 ዶላር ከወዲያ በኢንተርኔት ከፍላልናለች፤ ብንዘገይ 60 ዶላር ይጨመርብን ነበር።

መጋቢት፦ ፎቶና ካሴት

አምስት አልበምና አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለን። አልበሞቹ ብቻ ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ከተፈቀደልን ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ ነው። ዋናዎቹን እናቴ ዘንድ ትተን ቅጂውን ለመያዝ ወስነን ሥራውን ጀመርን።

ፎቶዎቹን በስልክ ለማንሣት ሞክረን ነበር፤ የሚያብረቀርቀው ወረቀት የመስኮቱን ብርሃን ይመልሳል፣ ጠርዙም ይጣመማል። ከባለቤቴ ጓደኛ ጠፍጣፋ ስካነር ተውሰን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) መሥራት ቀጠልን። በዚህ ልክ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ 2,362 በ3,543 ፒክስል ስለሚሰጥ፣ ከዋናው አተልቆ ለማሳተም ይበቃል። ችግር የሆነብን የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ አልበም ነው። ገጹ ሙጫ ተቀብቶ በላዩ ላስቲክ የሚሸፈን ዓይነት በመሆኑ ፎቶው ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በጥፍር ወይም በቢላ ማንሣት ፎቶውን ይሰነጥቀዋል። የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አስገብተን ቀስ በቀስ ወዲያና ወዲህ በመጋዝ ዓይነት ስንጎትተው አብዛኛው በደህና ተነሥቷል፤ ያልተነሣውን ከነገጹ ስካን አድርገነዋል።

ከስካኑ ይልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ስም መጻፉ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እያንዳንዱን ፎቶ እያየች «ይህች የአባትሽ አክስት ናት፤ ይህ ደግሞ ደሴ ሳለን ጎረቤታችን የነበረው መምህር ነው» ስትል፣ ልጄ በለስላሳ እርሳስ በጀርባው፣ እኔ ደግሞ በኮምፒውተሩ በፋይሉ ስም ላይ እንጽፋለን። እስክሪብቶ ከጀርባ ወደ ፊት ስለሚያልፍና ቀለሙ ስለሚያጠቁር አልተጠቀምንበትም። እናቴም የማታውቃቸው ፊቶች ነበሩ፤ እነርሱን ለብቻ አውጥተን ለአባቴ ወገኖች በቴሌግራም ስንልክ የተወሰኑት ታውቀዋል። እኔ ይህን ከማንኛውም ዕቃ አስቀድሜ እሠራዋለሁ፤ ሶፋ የትም ይገዛል፣ የፎቶ ስም ግን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ካልተጻፈ ከየትም አይመጣም።

ካሴቶቹ አጎቴ በ1970ዎቹ ከካርቱም፣ በኋላም ከአሜሪካ በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን ቀድቶ የላካቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ በካሴት ተነጋግሮ በሰው እጅ መላላክ በየቤቱ የነበረ ነገር ነው። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በ3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ከላፕቶፑ የማይክራፎን መግቢያ ጋር አገናኝተን፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር መቅዳት ጀመርን። የመጀመሪያው ቅጂ የተሰነጠቀና የሚያንባርቅ ድምፅ ነበረው፤ የማይክራፎን መግቢያ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከቴፑ የሚመጣው ይበዛበታል። የቴፑን ድምፅ ዝቅ ማድረጉ አሻሻለው እንጂ አላስተካከለውም፤ ባለ ዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ገዝተን የመሥመር መግቢያውን ስንጠቀም ተስተካከለ። የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል መጥረግም የታፈነውን ድምፅ ከፍቶታል።

ከካሴቶቹ አንዱ ሪባኑን ወደ ቴፑ ራስ የሚጫነው ትንሹ ስፖንጅ ወድቆበት ድምፁ ይመጣል ይጠፋል። ቅርፊቱ በአምስት ብሎን የተያያዘ ስለነበረ፣ ከማያስፈልግ የዘፈን ካሴት ቅርፊት አውጥተን ሪባኑን ከነጥቅሉ አዛወርነው፤ ሠራ። በእኛ ቴፕ ካሴትን አፍጥኖ መቅዳት ስለማይቻል የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይወስዳል። በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት በአንድ ቻናል ስንቀዳ አንድ ሰዓት ወደ 300 ሜጋ ባይት ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ፣ በኢንተርኔት ማከማቻና ወንድሜ ዘንድ በሚቀር ፍላሽ ላይ አስቀምጠናል። እናቴ የአጎቴን ድምፅ ከሰማች በኋላ «ካሴቱን ውሰጂው፤ ድምፁን ግን ለኔም ተዪልኝ» ስላለችኝ፣ ፍላሽ በሚቀበለው ሬዲዮኗ ላይ እንዲጫወት አድርገን ሰጥተናታል። ጊዜ ስላልበቃን ሦስት ካሴቶች ሳይቀዱ ወንድሜ ዘንድ ይቀራሉ፤ ገመዱንና የድምፅ ካርዱንም ትቼለታለሁ።

መጋቢት መጨረሻ፦ የብራናው ዳዊት

የአያቴ የብራና ዳዊት ከነማኅደሩ ወደ እኔ የመጣው አባቴ ሲያርፍ ነው። ዘመዶቼ በልብስ ጠቅልዬ እንድወስደው መክረውኛል። ይህን አላደርገውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ከተጻፈበት አገር በሻንጣ ሲወጣ እንዴት እንደምንቆጭ ከመቅደላ ጀምሮ እናውቀዋለን። ቅጠሎቹን ያለ ፍላሽ፣ በቀን ብርሃን ጥላ ውስጥ አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተን፣ መጽሐፉን ዳዊት መድገም ለሚያውቀው ለታላቅ ወንድሜ አስረክቤያለሁ። ከጭስና ከእርጥበት ርቆ፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል።

ከሽሮ ሜዳና ከፒያሳ የገዛናቸውን አዳዲስ የአንገትና የእጅ መስቀሎች፣ እንዲሁም የእንጨት ሥራዎችን ግን ይዘን እንሄዳለን። አዲስም ቢሆኑ አሮጌ ስለሚመስሉ ቦሌ ላይ ጥያቄ እንዳያስነሱ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ወደሚገኘው የቅርስ መሥሪያ ቤት ወስደን ቅርስ አለመሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት አሠርተናል።

ሚያዝያ መጀመሪያ፦ ስንቅ

የዘንድሮው ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ስለነበረ በርበሬውን ከዚያ በፊት ለማድረቅ አስበን ነበር፤ ወጪው ስለተደራረበ ግን ወደ በልግ ዝናብ ተገፋ። ዛላው ሰገነት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ሲመጣ እየተነሣ፣ ከተለመደው እጥፍ ጊዜ ወስዶ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ፣ ዳግም ደርቆ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላውና ቅርንፉዱ ታምሶ ገብቶበት ወፍጮ ቤት ሄደ።

ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ስለሆነ ወዲያው በላስቲክ ከታሸገ ያልብና ይሻግታል። በሰፌድና በንጹሕ አንሶላ ላይ አስጥተን ሲበርድ ብቻ በኪሎ በኪሎ አሸግነው። የመጀመሪያውን ከረጢት በሻማ አቅልጠን ስናሽገው በጫና ተከፈተ፤ በኤሌክትሪክ ማሸጊያ፣ ድርብ ላስቲክ ተደርጎ፣ በሁለት መስመር የታሸገው ግን ከላዩ ቆመንበትም ጠነከረ። በየከረጢቱ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ጽፈናል። በድምሩ በርበሬ 8 ኪሎ፣ ሽሮ 6 ኪሎ፣ ሚጥሚጣ 1 ኪሎ፣ በሶና ድርቆሽ ጥቂት ይዘናል።

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ልፋት ያድናል። ሥጋ ስለማይገባ ቋንጣ አልሠራንም። የወተት ተዋጽኦ እንደሚመጣበት አገር የሚለያይ ገደብ ስላለበት ንጥር ቅቤውን ለእናቴ ትቻለሁ። ለመዝራት የሚሆን ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ስለማይገባ የጤና አዳም ፍሬ የለንም። ቡና ጥሬውም ቢሆን ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ይገባል፤ ክልከላ ያለበት ለሃዋይና ለፖርቶ ሪኮ ነው። ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ሊቀር ስለሚችል፣ ዱቄቱ ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይገባል። የምግብ ዓይነት ሁሉ ሲደረስ በግልጽ መነገር አለበት፤ ሳይናገር የተገኘበት መንገደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ከ300 ዶላር ጀምሮ ይቀጣል።

ሚያዝያ አጋማሽ፦ የሙከራ እሸጋ

ሚዛን ሁለት ዓይነት ሞከርን። ሰው በሚቆምበት ሚዛን ላይ ሻንጣ ተሸክመው ከቆሙ በኋላ የራስን ክብደት መቀነስ በአንድ ኪሎ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። በመንጠቆ የሚንጠለጠለውን ዲጂታል ሚዛን ደግሞ ስድስት ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገን ፈተንነው፤ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ስላሳየ አምነንበታል። የየሻንጣውን ልክ ከ22 ኪሎ ተኩል እንዳያልፍ ወሰንን።

በመጀመሪያው እሸጋ ከልኩ 31 ኪሎ አልፈን ተገኘን። ከሁሉ የበዛው ልብስ ነበር፤ በተለይ ለብርድ ብለን የያዝነው ካፖርትና ብርድ ልብስ። እህቴ «በረዶ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ካፖርት እዚህ ያገለገለ በርካሽ አለ፤ ይልቅ ጋቢና የሀገር ልብስ ያዙ» ስላለች ካፖርቱ ሁሉ ወጣ። ሁለት ጋቢ፣ የልጆቹ የሀገር ልብስና የእናቴ የእጅ ሥራ የሆነ የአልጋ ልብስ ቀሩ። ትልቁ ሞሶብ ቀላል ቢሆንም በ158 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አይገባም፤ ትንሹን አገልግል ይዘን ውስጡን በስኒዎች ሞልተነዋል። ጀበናው ሆዱ በካልሲ ተሞልቶ፣ አንገቱ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በጋቢ መካከል ተቀምጧል። ማቶቱንም አልተውንም።

አደላደሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ጠቅሞናል። የአንድን ሰው ልብስ በአንድ ሻንጣ ከማድረግ ይልቅ በሦስት ሻንጣ ከፋፍለነዋል፤ አንዱ ቢዘገይ ማንም ቅያሪ አያጣም። ምግቡን ግን በሁለት ሻንጣ ብቻ ሰብስበናል፤ ተቆጣጣሪው የሚከፍተው እነርሱን ብቻ እንዲሆን። በየሻንጣው ውስጥ የስማችንንና የመድረሻ አድራሻችንን ወረቀት፣ በስልካችን ደግሞ የተደረደረውን ዕቃ ፎቶ ይዘናል። ፓወር ባንኮቹ በእጅ ሻንጣ ናቸው፤ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀዱም።

ልጆቹ የየራሳቸውን የጀርባ ቦርሳ ራሳቸው እንዲመርጡ 5 ኪሎ ሰጥተናቸዋል። ልጄ ሥዕል የምትሥልባቸውን ደብተሮች ሁሉ ስትይዝ፣ ወንድሟ ብስክሌቱ እንደማይሄድ ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶበታል። ለማን እንደሚሰጥ እርሱ እንዲወስን ተደርጎ፣ ለአጎቱ ልጅ ሰንሰለቱን ቅባት ቀብቶ፣ ጎማውን ነፍቶ ወስዶ ሰጥቶታል።

ግንቦት መጀመሪያ፦ የመጨረሻው ሳምንት

ፋሲካን እናቴ ቤት ዋልን። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ፣ ምድጃውና አልጋዎቹ በውሉ ቀን ወጡ፤ እኛም ወለል ላይ በተዋስነው ፍራሽ አደርን። የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ ተወስዶ ለተከራዩ ተላለፈ። ከእድሩ አልወጣንም፤ እናቴ እዚህ ስላለች የዓመቱን መዋጮ አስቀድመን ከፍለን ወንድሜ በስማችን እንዲገኝ ለዳኛው አሳውቀናል። የስልክ ቁጥሬን ሲም ካርድ እናቴ ትጠቀምበታለች፤ የባንክና የቴሌብር መልእክቶች የሚመጡት በእርሱ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ይዘጋል።

ግንቦት አጋማሽ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ምግብ መያዛችንን ተናገርን፤ ወደ ግብርና ምርመራው መስመር ተመራን። መኮንኗ ሥጋ፣ ፍራፍሬና ዘር መኖሩን ጠየቀች፤ ሁለቱን የምግብ ሻንጣዎች በራጅ አሳልፋ አንዱን አስከፈተች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም አንብባ አንድ ከረጢት አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። የተወሰደብን ነገር የለም። ስምንቱም ሻንጣዎች አብረውን ደርሰዋል። ከዕቃው የተሰበረው አንድ ስኒ ነው። የበርበሬው ማሸጊያ አልተከፈተም፤ ከሽሮው አንዱ የውስጠኛው ላስቲክ ቢላቀቅም ውጪኛው ይዞታል።

ሲፈታ እንዳየሁት ጋቢው፣ ጀበናውና የልጆቹ ንባብ መጻሕፍት ወዲያው አገልግሎት ላይ ውለዋል፤ ፎጣና አንሶላ ግን ባንይዝ ይሻል ነበር፣ እዚህ በቅናሽ ይገኛል፤ በእነርሱ ቦታ 4 ኪሎ ያህል ሽሮ ይገባ ነበር። የክትባቱን ወረቀት ትምህርት ቤቱ ያለ ጥያቄ ተቀብሎታል። ግሪን ካርዶቹ በእህቴ አድራሻ ይጠበቃሉ። ወንድሜ ከቀሩት ካሴቶች የአንዱን ግማሽ ቀድቶ በቴሌግራም ልኮልኛል፤ በግራው ጆሮ ብቻ ስለሚሰማ ገመዱን እስከ ጫፉ ገፍቶ እንዲሰካውና በአንድ ቻናል እንደገና እንዲቀዳው ጽፌለታለሁ። ትልቁ ሞሶብ የማን እንደሚሆን ደብተሩ ላይ ሳይጻፍ ስለቀረ፣ እሑድ ለእናቴ ስደውል እጠይቃታለሁ።